በሁዳዴ ያመጣሁልሽ ሙሉኺያ

እማዬ፣

ከተለየሽን አምስተኛው ፋሲካ አለፈ። ዓመቱን በፋሲካ የምቆጥረው ወድጄ አይደለም፤ እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ሁሉ ቀን ጾመሽ ጾመሽ፣ ለዶሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ በሰሞነ ሕማማት ረቡዕ ጥለሽን ሄድሽ። በዚያ ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ይጸለያል። ነጠላሽን አጣፍተሽ፣ ዘንባባውን ጣትሽ ላይ አስረሽ ቆመሽ የሰማሽው ጸሎት ያንቺው ኖሯል። የራስዋን ፍትሐት በራስዋ ጆሮ ሰምታ፣ ቤቷ ገብታ ምስር የለቀመች ሴት አንቺን ብቻ ነው የማውቀው።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም። ወሬ አጥሮኝ እንደማያውቅ አንቺም ታውቂያለሽ፣ ገበያውም ያውቃል። ግን በምን እንደሞትሽ ሳይገባኝ «እንደምን አለሽ» ብሎ መጀመር ከበደኝ። አሁን ገብቶኛል። ነገሩ ውስጥ እኔም አለሁበት። እነግርሻለሁ፤ ብቻ እንደ ልማዴ ከቤት ወሬ ልነሣ።

ቤቱ ደህና ነው። ገዳሪፍ ግን አንቺ የምታውቂያት ገዳሪፍ አይደለችም። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ እኛ ጎረፈ። እኛ ከመተማ ተሻግረን ስንመጣ ውሃ ያጠጡን ሰዎች፣ ዛሬ በተራቸው ቤት ፍለጋ በራችንን ያንኳኳሉ። አማችሽ አስናቀ እንደ ድሮው ገላባት ጭነት ያስጭናል፤ ድንበሩ ሲከፈት ይሠራል፣ ሲዘጋ እዚያው ቁጭ ብሎ ይተክዛል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቅ ይላል። ሶስናዬ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ በልጦኛል። ስትቆጣ በዐረብኛ ነው፣ ስታለቅስ ግን አሁንም በአማርኛ ነው። እኔም እዚያው አትክልት ተራ ነኝ፤ ሙሉኺያ፣ ጅርጅር፣ ሪጅላ፣ ያው ቅጠል ሻጭ ነኝ። ጎኔ ያቺው ሐጃ ፋጡማ ባምያዋን ደርድራ ተቀምጣለች። አሁንም ደንበኛ ትነጥቀኛለች፣ አሁንም አልነጠቅሁም ብላ ትምላለች።

ያንቺን ክፍል አከራየሁት። አትቆጪ፤ ለማን እንደሆነ ስትሰሚ ትስቂያለሽ። ዶክተር ሰልማ ትባላለች፤ ከካርቱም አሮጊት እናቷን ይዛ የሸሸች የልብ ሐኪም ናት። አንቺ በወደቅሽበት ክፍል የልብ ሐኪም ተኝታበታለች! መጀመሪያ የመጣች ዕለት ሥራዋን ስትነግረኝ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ በሆዴ አማሁት፤ ፈጣሪን ማለቴ ነው። ቁልፉን ፊቷን ሳላይ ሰጠኋት፤ እሷ ግን ሰላሳ ዓመት የኖረችበትን ቤት ትታ መምጣቷን እያሰበች ስለነበር ልብ አላለችኝም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት የሙሉኺያ ጆንያ አንሥቼ ጋሪ ላይ ስጭን ልቤ ተነሣ። «ልቤ ገበያ የወጣ አህያ ሆነ፤ ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ሳይነዱት ይሮጣል» ትዪ የነበረው ራሱ ነው። ያኔ ስትይው እስቅ ነበር። በራሴ ደረት ውስጥ ሲሆን አላሳቀኝም። ጋሪውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ሲያልፍልኝ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ፣ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሴት፣ የራሴን አራት ወር ደበቅሁ።

ለምን እንደደበቅሁ ልንገርሽ። ያንቺን ክኒን አስታውሰዋለሁ። አንድም ቀን ሳታጓድዪ፣ እየዋጥሽው ነው የሞትሽው። አንቺን የገደለሽ ክኒኑ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ለአስናቀ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባታችን ለአባም አልነገርኩም፤ ደምድሜ ዝም አልኩ። የእኔም ልብ እንዳንቺው ሲሆን፣ ሐኪም ቤት ብሄድ ያንኑ ክኒን እንደሚሰጡኝ አውቅ ነበር። ብታከም እሞታለሁ፣ ባልታከም እሞታለሁ፤ እንግዲያው ሥራዬን እየሠራሁ ልሙት አልኩ።

ያንቺ ሕመም የታወቀ ቀን ትዝ ይልሻል? ሐኪሙ ቸኩሏል፣ በር ላይ ሃያ ሰው ይጠብቃል። ደረትሽና እጅሽ ላይ ገመድ ለጣጥፈው ልብሽን ወረቀት ላይ ሣሉት። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የእኔ ዐረብኛ ቲማቲም ለመሸጥ እንጂ ልብ ለማስረዳት የሚበቃ አይደለም፤ ግን አልገባኝም ማለት በእኔ ዘንድ የለም። የልብሽ አመታት የተዛባ ነው፣ ይህ ክኒን ደምሽን ያቀጥነዋል፣ በየወሩ ደምሽን እያስመረመርሽ ትወስጃለሽ አለ። እኔም አንድ ሳላስቀር ነገርኩሽ። አንቺም አየሽኝ፣ እኔም አየሁሽ። በእኛ ቤት ደም ወፈረ ሲባል እንጂ ቀጠነ ሲባል ደስ ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ለምን እንደሚቀጥን እሱም አልነገረን፣ እኔም አልጠየቅሁ። ከበሩ ስንወጣ ነገሩን ተመካክረን ጨረስነው፤ ክኒኑን ለሐኪሙ ብለን እንወስዳለን፣ ክኒኑ የሚያቀጥነውን ደም ደግሞ በምግብ እንመልሰዋለን። ምግቡን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ቅጠል ደም ይሆናል እያልኩ ዕድሜዬን ስሸጥ የኖርኩ ሰው፣ ለእናቴ ምን ላቀርብላት ኖሯል?

በፍስኩ ጊዜ እንኳ ቅጠል ብዙም አትወጂም ነበር። ወተትሽንና እንቁላልሽን ካገኘሽ የእኔ የቅጠል እስር ሲደርቅ ይውል ነበር። ምርመራውም በእነዚያ ወራት ደህና ነበር፤ ሐኪሙ ካርድሽን አይቶ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ነው ነገሩ የተለወጠው። ወተቱም እንቁላሉም ሥጋውም ቀረና እኔ ነገሥኩ። ከቅዳሴ ስትመለሺ በሣር ዳሱ፣ በራኩባው ጥላ ሥር ትጠብቂኛለሽ፤ ከገበያው ሁሉ የመረጥኩትን፣ ለደንበኛ ያልሸጥኩትን ለጋ ለጋውን ይዤልሽ እመጣለሁ። አብረን እንቀነጥባለን፣ እኔ እከትፋለሁ፣ አንቺ ነጭ ሽንኩርቱን ትልጫለሽ። አንድ ቀን ሙሉኺያ፣ አንድ ቀን ሪጅላ በምስር፣ ጅርጅር ደግሞ በተፈጨ ለውዝ ሁልጊዜ ከአጠገቡ። «ልጄ፣ ሳር አበላሽኝ፤ ለፋሲካ እንደ ፍየል ‹ምእእ› ልል ነው» እያልሽ ትስቂ ነበር። እየሳቅሽ ግን ሳህኑን ትጠርጊልኝ ነበር፤ እንዳልከፋ ብለሽ ነው። እማዬ፣ በሕይወቴ ከእነዚያ ሰዓታት የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ፤ ቆይ ልጥረገው።

የደም ምርመራውንም ተይው አልሽኝ። ቆራቢ ነሽና፣ በጾሙ ደም ከወጣኝ መቁረብ አልችልም፣ ፋሲካ ይለፍ አልሽ። እኔም እውነትሽን ነው አልኩ። እንዲያውም ክኒኑ እያቀጠነው ደግሞ ሊቀዱት ነው ወይ ብዬ አገዝኩሽ። ረቡዕ ጠዋት ለስግደት ልትወጪ ነጠላሽን ስታነሺ ቀኝ እጅሽ አልታዘዝሽ አለ፣ አፍሽ ወደ አንድ ወገን ዞረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለፍሽ።

ወደ እኔ ልመለስ። ከጥምቀት በኋላ አንድ አርብ ቀን፣ ግቢ ውስጥ ቅጠል ስቀነጥብ ዓይኔ ጭልም አለና ባለሁበት ተዘረርኩ። ዶክተር ሰልማ የእናቷን ልብስ ታሰጣ ነበር። እርጥብ እጇን በቶቧ ጠርጋ መጣችና የእጄን አንጓ ያዘች። ዝም ብላ ያዘች፣ አልለቅ አለች። ነገ እኔ ወደምሠራበት ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ አለችኝ። ሙግት ጀመርኩ፤ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ ሙሉኺያ አያድርም፣ ድካም ነው፣ ሙቀቱ ነው። ሁሉንም ሰማችኝና ልብሱን ማስጣቷን ቀጠለች። በማግስቱ ጠዋት ረክሻ ጠርታ በራችን ላይ አስቁማ ጠበቀችኝ። ከእኔ የባሰች ግትር ሴት ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሱዳኖቹ «ረስም ገልብ» የሚሉትን፣ የልብ ሥዕሉን፣ አነሡኝ። ዶክተር ሰልማ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጣቷ አሳየችኝ። ጫፍ ጫፍ ያለው መስመር ነው። ጫፎቹ በእኩል ርቀት መቆም ነበረባቸው፤ የእኔዎቹ እዚህ ተጠጋግተው፣ እዚያ ተራርቀው፣ አንዱ ከሌላው ጋር የማይተዋወቅ ይመስላሉ። ልብ ሁለት የላይ ክፍልና ሁለት የታች ክፍል አለው አለችኝ። የላዮቹ እየተኮማተሩ ደሙን ወደ ታች መግፋት ሲገባቸው፣ የእኔ ዝም ብለው ይርገበገባሉ። ስለዚህ ደሙ ሁሉ በአግባቡ አይወጣም፤ ጥጉ ውስጥ የሚቀር አለ። የቆመ ወተት ምን ይሆናል ብላ ጠየቀችኝ። ይረጋል አልኩ። ደምም እንዲሁ ነው አለች። የረጋችው ቁራጭ አንድ ቀን ከጥጓ ተነሥታ ከደሙ ጋር ወደ ራስ ትወጣለች፤ ቀጭን መንገድ ላይ ስትደርስ ትዘጋዋለች፤ ያኔ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አፍ ይዞራል።

እጅ አልታዘዝ ይላል፣ አፍ ይዞራል ስትል አንቺን ያየች መሰለኝ። ስላንቺ ምንም አልነገርኳትም ነበር።

ክኒኑ ልብን አያቃናም፣ ደሙ በጥጉ እንዳይረጋ ነው የሚሰጥሽ አለችኝ። አየሽ እማዬ? ያን ሁሉ ጊዜ ማቅጠኛ እያልን የፈራነው ነገር ይህ ነበር። ሰውየው አንዲት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ስለ ወተት ቢያወራን ኖሮ ይገባን ነበር፤ ጎንደሬ ወተት ምን እንደሚሆን ይጠፋዋል?

ያኔ ግን አልተዋጠልኝም። ከመሳቢያዋ ያወጣችውን ካርቶን ገና ሳየው አወቅሁት፤ ያው ያንቺ ነው። ይህ እናቴን የገደለ ነው፣ አልወስድም ብዬ ተነሣሁ። አልተቆጣችም። ካርቶኑን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባችልኝና ባትወስጂውም ልጅሽ ታንብብልሽ አለችኝ። ያንቺን ካርቶን ማን አነበበው? ሶስና ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዐረብኛውን በአፋችን እንጂ በዓይናችን አናውቀው።

ከሰዓት ሶስና ራኩባው ሥር ተቀምጣ ወረቀቱን ዘርግታ ታነብልኝ ጀመር። እኔ ለማታ ገበያ ሙሉኺያ እያሰርኩ በግማሽ ጆሮ እሰማለሁ። ድንገት ንባቧን አቆመች። ቀና ስል ወረቀቱን ሳይሆን በዙሪያዬ የተከመረውን እስር ታያለች።

«ማማ፣ ወረግ አኽደር ነው የሚለው፤ አረንጓዴ ቅጠል። በብዛት ከበሉት መድኃኒቱን ያደክመዋል ይላል። ይሄ ያንቺ አይደል?»

እስሩ ከእጄ ወደቀ። እንደገና አንብቢው አልኳት፤ እንደገና አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ለማንበብ ስትጀምር ተነሥቼ ግቢውን ተሻግሬ ያንቺን ክፍል አንኳኳሁ። ዶክተር ሰልማ እናቷን እያበላች ነበር። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ክኒንሽን፣ ሁዳዴን፣ በየቀኑ ያመጣሁልሽን፣ ለቁርባን ብለሽ የተውሽውን ምርመራ፣ ረቡዕን። ሐኪም ስለሆነች መዋሸት አትችልም ብዬ፣ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ማንኪያውን አስቀመጠች። እውነቱን ስትነግረኝ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ስሚኝ ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ። ቅጠሉ መድኃኒቱን አድክሞት ይሆናል። ምርመራው ቢደረግ ኖሮ ይታይ ነበር፤ መጠኑን ከፍ ያደርጉላት ነበር። ያም ሆኖ ትሞት ነበር ወይ ብትይኝ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። ግን ገደለ የሚባለው ያወቀ ሰው ነው። አንቺ አታውቂም ነበር። የምትበሉትን መጠየቅ የነበረበት እኛ ነን፣ አልጠየቅንም።»

«እኛ» አለች፤ ያንን ቀን እሷ ካርቱም ነበረች፣ አንቺን አይታሽ አታውቅም። ይህን ነው ያልረሳሁላት። አሮጊቷ እናቷ ምኑም ሳይገባቸው፣ ከአልጋቸው ሆነው እጄን ይዘው ጎትተው አስቀመጡኝ። ያንቺ አልጋ በነበረበት ቦታ ተቀምጬ አለቀስኩ። አምስት ዓመት የቆየ ልቅሶ ነበርና ብዙ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ብትሰሚ ታሾፊብኛለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙሉኺያ አልሸጥም አልኩ። ቲማቲምና ሽንኩርት ብቻ ይዤ ወጣሁ። ደንበኞቼ ይመጣሉ፣ የለም እላለሁ፣ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ሐጃ ፋጡማ ደስ ብሏት ነበር፤ ከዚያ ጨነቃት። ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ነገርኳት። እሷም ሙሉኺያ ምን አደረገችሽ፣ ቢላዋ ጣት ቢቆርጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት አይከተፍም ወይ አለችኝ። ዶክተር ሰልማም እንዲሁ ሳቀችብኝ። ቅጠል መርዝ ነው አላልኩሽም፣ ለልብም ለሰውነትም ይበጃል፤ ብቻ በየሳምንቱ ያው መጠን ይሁን፣ ዛሬ የለም ነገ ድስት ሙሉ አይሁን፣ እኛም መድኃኒቱን በዚያው ልክ እንመጥነዋለን አለች። ስለዚህ አንድ ጭልፋ ቆርጫለሁ። ፍስክም ይሁን ጾም፣ በቀን አንድ ጭልፋ። ሙሉኺያዬም ወደ ገበያ ተመለሰች።

ክኒኑንም ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን የዋጥኩ ቀን ሶስና ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ከጉሮሮዬ እስኪወርድ አየችኝ። የደሜ ምርመራ ውጤት ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት ይላሉ። ከሁለት ሲያንስ ደሙ ሊረጋ ነው፣ ከሦስት ሲበልጥ ደግሞ መድማት ያመጣል። መጀመሪያ ቀንሶ ነበር፣ ትንሽ ጨመሩልኝ፤ አሁን በልኩ ነው። ልቤ አሁንም እንደዚያው ይሰናከላል፤ ለሩጫው ሌላ ክኒን ሰጥተውኝ ረገብ ብሏል። ጆንያ ስናነሣ ከሐጃ ጋር አንድ አንድ ጫፍ ይዘን ነው። አልሞትኩም እማዬ፤ እንዲያውም ወፍሬአለሁ።

ሁዳዴ ሲቃረብ ግን ፍርሃት መጣ። መጾም አልተውም፤ ቁርባኔንም አልተውም። ምርመራውንም መተው አልችልም። ወደ አባ ሄጄ አንቺ ያደረግሽውንና እኔ ያገዝኩሽን ሁሉ ተናዘዝኩ። አባ ያሉኝ ይህን ነው፤ ምነው ያኔ ብትጠይቁኝ፣ ሰኞ ተመርምራ እሑድ ትቆርብ አልነበረም ወይ። በጣም ቀላል ነበር። ቀላልነቱ ነው ያንገበገበኝ። አንቺ ፈጣሪን ፈርተሽ፣ እኔ ሐኪሙን ፈርቼ፣ ሁለታችንም አፍ ከፍተን መጠየቅ አቅቶን ነው። እኔ፣ ገበያውን በአፌ የምገዛ ሴት!

አባ ግን በዚያ አላበቁም። ደብረ ዘይት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ምእመናኑ ጥላ ሥር ሲያርፉ ተነሥተሽ ይህንኑ ንገሪ አሉኝ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ነውና ተነሣሁ። ቅጠል ሻጭዋ ቅጠል አታብዙ ስትል ይታይሽ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ስላንቺ ነገርኳቸው፣ ሳቁ ቆመ። ስጨርስ እትዬ ውድነሽ፣ ያቺ ከጎንደር የመጣችው፣ ጸበል ቤቱ አጠገብ የምትቀመጠው፣ እየተንፏቀቀች መጣችና ከቀሚስዋ ኪስ ካርቶን አወጣች። ያው ካርቶን ነው። ሁለት ዓመት እየዋጠችው ኖሯል። ለጾሙ ብላ በየቀኑ ጎመንና ሙሉኺያ ትበላለች፤ ግማሹን ከእኔ ነው የምትገዛው። ምርመራውንም ለቁርባን ስትል ለፋሲካ አቆይታዋለች።

ሰኞ ጠዋት ገበያዬን ለሐጃ ትቼ እጇን ይዤ ወሰድኳት። ውጤቷ ከአንድ ብዙም አላለፈም ነበር። ዶክተር ሰልማ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። መድኃኒቷን አስተካከለችላትና በሳምንቱ እንድትመለስ ነገረቻት። እኔ ውጪ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። በሕማማቱ ረቡዕ በየሰዓቱ እየሄድኩ አየኋት። ሰልችቷት፣ አልሞትኩም ሂጂልኝ አለችኝ።

ፋሲካ ጠዋት እኛ ቤት ጠራኋት። አስናቀ ከገላባት መጥቷል፣ ዶሮው ወጥቷል፣ እንቁላሉ ተልጧል። እትዬ ውድነሽ እጇን ታጥባ ስትቀመጥ፣ ከዶሮው በፊት አንድ ጭልፋ ሙሉኺያ ፊቷ አስቀመጥኩ። ቅጠሉ በአንዴ ከቀረ ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናልና መጠኑ ለፍስኩም እንዳይቋረጥ ታዟል። «በፋሲካ ቅጠል? ምን በድዬሽ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ሁሉም ሳቀ። ሳትወድ በላችው፤ ከዚያ ዶሮዋን በላች። እኔ መብላት አቅቶኝ እሷ ስትበላ አያት ነበር። በዚያ ገበታ ላይ መቀመጥ የነበረብሽ አንቺ ነሽ፤ ይህን ሳልል ደብዳቤዬን አልዘጋም።

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር የተነሣሁት። ግን አውቅሻለሁ፤ «ምን አድርገሽኝ?» ብለሽ ትቆጪኛለሽ፣ ለእኔው ታለቅሺልኛለሽ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽና ላብቃ። አላወቅሁም ነበር እማዬ። አሁን አውቃለሁ። ከእንግዲህ በዚህች ከተማ ይህን ክኒን የምትውጥ እናት በሁዳዴ ብትወድቅ፣ እኔ አላወቅሁም ማለት አልችልም። በየዓመቱ በደብረ ዘይት ማግስት ሰኞ፣ አንዲት ሴት ከጎኔ ይዤ ለምርመራ እሄዳለሁ። መርፌ የያዘችው ልጅ ማን አስተማረሽ ብላ ስትጠይቀኝ ያንቺን ስም እነግራታለሁ።

ልጅሽ ጥሩወርቅ